«የደጋ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል?»
የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የስፒቲ ሸለቆ መንገደኞች

ጥያቄ፦ በሕንድ አገር በቻንዲጋር ከተማ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርታችንን የምንከታተል አራት ኢትዮጵያውያን ነን። ሦስታችን የአዲስ አበባ ልጆች ስንሆን አንዱ ጓደኛችን የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። በሰኔ መጨረሻ ፈተና እንደጨረስን በሂማቻል ፕራዴሽ ግዛት ወደሚገኘው የስፒቲ ሸለቆ በኪራይ መኪና ለመጓዝ አስበናል። ከቻንዲጋር ማናሊ ገብተን እናድርና በማግሥቱ ኩንዙም በር በሚባለው የተራራ መተላለፊያ በኩል ካዛ ከተማ እንገባለን። ሁለት ቀን ከተዘዋወርን በኋላ በዚያው መንገድ ስንመለስ በቻንድራታል ሐይቅ ዳር በድንኳን አንድ ሌሊት አድረን በስድስተኛው ቀን ቻንዲጋር እንደርሳለን። ሕንዳውያን የክፍል ጓደኞቻችን «እዚያ አየሩ ስስ ነው፣ ትታመማላችሁ» ይሉናል። እኛ ግን የደጋ ልጆች ነን፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ጓደኛችንም ያደገው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ስጋታቸው እኛን ይመለከታል? ወቅቱ የሐዋርያት ጾም ስለሆነ የምግቡንም ነገር ብትነግሩን።

መልስ፦ ውድ ጠያቂዎቻችን፣ ስጋቱ እናንተንም ይመለከታል፤ የደብረ ብርሃኑን ጓደኛችሁንም ጭምር። ጉዞውን ተዉት ለማለት ሳይሆን ዕቅዱን ገልብጣችሁ እንድትሠሩት ለመለመን ስለምጽፍ፣ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ያንሳል። ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ግፊቱ በአዲስ አበባ ሦስት አራተኛ፣ 3,650 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በካዛ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ 4,551 ሜትር ከፍታ ባለው በኩንዙም በር ላይ ግን ከግማሽ ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል። ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናት ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያ አተነፋፈሱን ያፈጥናል፣ ቀስ በቀስም የደሙን ሁኔታ ያስተካክላል። ያስለመደውን ነገር ግን ለዘለዓለም አያስቀምጠውም፤ ወደ ቆላ በወረደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቀዋል። ቻንዲጋር ከባሕር ወለል በላይ 320 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ዓመትና ሁለት ዓመት እዚያ የተቀመጠ ሰው የደጋ ልምዱን እዚያው አራግፎታልና፣ ጉዞውን የሚጀምረው ከቆላ እንደሚወጣ ማንኛውም ሰው ሆኖ ነው።

ስለ እኛ አገር ደገኞች የተነገረውን ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ሲንትያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በምትገኘው በአምባራስ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። የአምባራስ ሰዎች የደማቸው የሄሞግሎቢን መጠንም ሆነ የኦክስጅን ሙሌቱ በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አግኝተዋል፤ ይህም በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ከሚኖሩት ሰዎች ፈጽሞ የተለየ ነው። ግሩም ግኝት ነው፤ ኩራትም ይሰጣል። ነገር ግን የተጠኑት ሰዎች በዚያ ከፍታ ተወልደው፣ በዚያው አርሰውና ከብት ጠብቀው የሚኖሩ ናቸው። ከቦሌ ተነሥቶ ቻንዲጋር ለከረመ ተማሪ የሚያስተላልፉት ዋስትና የለም።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። ወደ ስፒቲ የሚገቡ ሁለት በሮች አሉ። አንዱ እናንተ የመረጣችሁት የማናሊ መንገድ ሲሆን ርቀቱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው ከሺምላ ተነሥቶ የሰትሌጅን ወንዝ ተከትሎ በኪናውር አውራጃ በኩል የሚያልፍና ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። ካርታ ለሚያይ ሰው አጭሩ የማናሊ መንገድ ነው፤ ለሰውነታችሁ ግን ረጅሙ ይሻላል። ማናሊ ከፍታዋ 2,050 ሜትር ነው። በጠዋት ከዚያ ተነሥታችሁ በአንድ ቀን 2,500 ሜትር ትወጣላችሁ፤ ያን ዕለት ማታ የምትተኙትም ካለፈው ሌሊት መኝታችሁ 1,600 ሜትር ከፍ ብላችሁ ነው። የተራራ ሕክምና ባለሙያዎች ምክር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ነው። ወሳኙ የመኝታው ከፍታ መሆኑን ልብ በሉ፤ ቀን ወጥቶ ማታ መውረድ አይጎዳም።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። የመጀመሪያ ጉዞዬን ያደረግሁት ልክ እንደ እናንተ በማናሊ በኩል ነበር። ኩንዙም በር ላይ ስንደርስ ደህና ነበርሁ፤ እንዲያውም ከመኪና ወርጄ በነፋስ የሚርገበገቡትን ባለ አምስት ቀለም የጸሎት ጨርቆች ዞሬ ፎቶ አንሥቻለሁ። ሕመሙ የመጣው ማታ ካዛ ገብቼ ከተኛሁ በኋላ ነው። ራሴን በገመድ የታሰረ ያህል ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ አጣበቀኝ፤ ለጥቂት ደቂቃ እንቅልፍ ይወስደኝና ትንፋሼ ቆሞ እንደነበር ሁሉ ደንግጬ እነቃለሁ። ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ስል ማቅለሽለሽ ይመጣል። ሁለት ቀን ሙሉ ከክፍሌ ሳልወጣ አለፉ፤ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ያየሁት የእንግዳ ማረፊያውን የጭቃ ግድግዳ ነበር።

በሁለተኛው ጉዞዬ በኪናውር ገባሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ራሴን አላመመኝም። ለእናንተም የምመክረው ያንኑ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት በሺምላ፣ ወይም ትንሽ ከፍ ብላችሁ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ናርካንዳ እደሩ። ከዚያ ወደ ካልፓ ሂዱ፤ ከፍታዋ 2,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ከፊቷም የኪናውር ካይላስ ተራራ ይታያል። ካልፓ ላይ ሁለት ሌሊት ቆዩ። ይህ የዕረፍት ቀን በከንቱ አይባክንም፤ ከካልፓ በታች ባለችው በሬኮንግ ፔዎ ከተማ የይለፍ ፈቃዳችሁን ታወጡበታላችሁ። ቀጥሎ በናኮ መንደር ምሳ በልታችሁ እለፉ እንጂ አትተኙ፤ ናኮ 3,600 ሜትር ናት፣ ታቦ ግን 3,280 ሜትር ስለሆነች ለመኝታ የምትሻለው እሷ ናት። ታቦ ሁለት ሌሊት፣ ካዛ ደግሞ ሦስት ሌሊት ብታድሩ፣ ከዚያ በኋላ ኩንዙምን ተሻግራችሁ በማናሊ መውጣት አያስፈራም። ሁሉም ተደምሮ አሥር ቀን ይሆናል።

ስድስት ቀን ብቻ ካላችሁ ስፒቲን በሙሉ መዞር አይቻልም። እኔ ብሆን እስከ ካልፓ ሄጄ፣ ጤናዬን አይቼ፣ ከቻልሁ ታቦን አክዬ በመጣሁበት እመለሳለሁ። የቻንድራታል ድንኳንም ከዕቅዳችሁ ይውጣ። ሐይቁ ውብ ነው፤ ነገር ግን 4,250 ሜትር ላይ ገና በአራተኛው የስፒቲ ቀን ማደር፣ በሰኔም ቢሆን ሌሊቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት ቦታ፣ ሐኪም ካለበት ርቃችሁ መታመምን መጋበዝ ነው።

የሕመሙን ምልክቶች ሁላችሁም በቃላችሁ ያዙ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ከታዩ በዚያ ቀን ከዚያ በላይ አትውጡ፤ እስኪለቅ ድረስ ባላችሁበት ቆዩ። አንዱ ጓደኛችሁ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱ ውስጥ ውሃ የሚንሸራሸር የሚመስል ድምፅ ካለው፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ፣ ነገሩ የሳንባ ወይም የአንጎል እብጠት ሊሆን ይችላልና እስኪነጋ አይጠበቅም፤ መውረድ ነው። እዚህ ላይ የስፒቲን አቀማመጥ ማወቅ ሕይወት ያድናል። ከካዛ ወደ ማናሊ የሚሄድ ሰው ከመውረዱ በፊት እስከ 4,551 ሜትር ድረስ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ ታማሚ ይዞ የሚኬደው የወንዙን አቅጣጫ ተከትሎ ወደ ታቦና ወደ ኪናውር ነው። ካዛ ላይ የመንግሥት ጤና ተቋም ስላለ አስቀድሞ እዚያ ማሳየት ይገባል። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል አሴታዞላማይድ የሚባለውን መድኃኒት ብዙ መንገደኞች ከመውጣታቸው ከአንድ ቀን በፊት ጀምረው 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይወስዱታል፤ ነገር ግን የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው አለና ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩት። የአልኮል መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ፈጽሞ አይነኩም፤ ሁለቱም ትንፋሽን ያደክማሉ።

ስለ ወቅቱ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሕንዶች «የበጋ ጉዞ» የሚሉት በእኛ ክረምት ነው። ስፒቲ ራሱ ከተራሮች ጀርባ ስለሆነ ዝናብ እምብዛም አያገኘውም፤ ሸለቆው ከሣር ይልቅ ድንጋይና አቧራ የሚበዛበት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም የመግቢያ መንገዶች ግን ዝናብ በሚመታው ወገን ያልፋሉ። የሞንሱን ዝናብ ሂማቻል የሚገባው በሰኔ አጋማሽ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሐምሌና በነሐሴ የኪናውር መንገድ በናዳ ይዘጋል፣ የማናሊውም እንዲሁ። ፈተናችሁ በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ተነሡ እል ነበር። በሰኔ መጨረሻ ከሆነ ግን እስከ መስከረም አጋማሽ ብትታገሡ ይሻላል፤ ያኔ ዝናቡ ይወጣል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ኩንዙምም እስከ ጥቅምት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ ግን ሁለት ትርፍ ቀን ይዛችሁ ውጡ። ናዳ የዘጋውን መንገድ ማሽን እስኪጠርገው ድረስ ተረጋግቶ የሚጠብቀው ትርፍ ቀን ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ትርፍ ቀን የሌለው በናዳው ሥር ይሽሎኮለካል።

በመንገዱ ላይ ከምንም በላይ የምፈራው ግን ጅረቶቹን ነው። ከኩንዙም ወርዳችሁ ከባታል እስከ ግራምፉ ያለው መንገድ በአብዛኛው ድንጋይ የተደፋበት የወንዝ ዳር ነው፤ በየመታጠፊያውም ከበረዶ ግግር የሚወርድ ጅረት መንገዱን አቋርጦ ያልፋል። ድልድይ የሌላቸው አሉ። ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጥ ስለሚሞሉ፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት እግር የማያረጥቡት ጅረቶች ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ መኪና ይገፋሉ። እኔ ከአንዱ ጅረት የደረስሁት ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ሾፌራችን የካዛ ሰው ነው። መኪናውን አቆመ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ጫማውን አወለቀና በባዶ እግሩ ገባ። ውሃው የአመድ ቀለም ስለነበረው ወለሉ አይታይም፤ ከሥሩ ግን ድንጋዮች ሲንከባለሉና ሲጋጩ የሚያሰሙት ድፍን ድምፅ ይሰማ ነበር። ሾፌሩ ያን ድምፅ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያም ወጥቶ፣ እግሩ ከቅዝቃዜው ቀልቶ እያለ፣ «እዚህ እናድራለን» አለ እንጂ አልሞከረውም። ባታል ተመልሰን ከድንጋይ በተሠራች ሻይ ቤት ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን አደርን፤ በማግሥቱ በ1 ሰዓት ያው ጅረት የመኪናውን ጎማ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ከእኛ በኋላ ማታ ሊሻገር የገባ አንድ የኪራይ መኪና ግን መሐል ላይ ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ቆሞ አገኘነው፤ ተሳፋሪዎቹ ሌሊቱን ማዶ በቅዝቃዜ አድረው ነበር።

ስለዚህ መሪውን ለአካባቢው ሾፌር እንድትሰጡት ከልቤ እመክራለሁ። በሕንድ የሚነዳው በግራ መሆኑ ለእኛ አንድ ችግር ነው፤ በተራራ ላይ ቅድሚያው ሽቅብ ለሚወጣው መኪና መሆኑንና በየጠመዝማዛው ጡሩምባ መንፋት የተለመደ መሆኑንም ማወቅ ያሻል። ራሳችን እንነዳለን ካላችሁ የኪራይ ውሉ ወደ ስፒቲ መሄድን የሚፈቅድ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጡ። ከወለሉ ከፍ ያለ መኪና፣ ሁለት ስኮርታ ጎማ ቢቻል፣ ክሪክና የሚጎትት ገመድ ያዙ። ሞተሩም እንደ እናንተው ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ተርቦ የሌለው መኪና ኩንዙም ላይ ከጉልበቱ ሲሶ የሚበልጠውን ያጣልና በሁለተኛ ማርሽ ሊወጣ ይገባው የነበረውን በአንደኛ ይወጣል። በዚህ አትደንግጡ፤ ፍሪሲዮን እየረገጣችሁ ግን አታቃጥሉት። ነዳጅ ካዛ ላይ አለ፤ ከካዛ ተነሥታችሁ አታል በሚባለው መሿለኪያ በኩል እስከ ማናሊ ባለው መንገድ ላይ ግን ማደያ እንደሌለ አስባችሁ ታንከሩን ሞልታችሁ ውጡ። (ይህ መሿለኪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲመረቅ 9 ኪሎ ሜትር ርዝመት ይዞ ነው፤ የጣርማ በርን መሿለኪያ አልፈን ያደግን ሰዎች ውስጡ ስንገባ የማያልቅ ይመስለናል።)

የኪናውሩ መንገድ ከጃንጊ እስከ ሱምዶ ለቲቤት ድንበር የቀረበ ስለሆነ የውጭ አገር ዜጋ ልዩ የይለፍ ፈቃድ ሳይዝ አያልፍም። ፓስፖርታችሁን፣ ቪዛችሁን፣ የመኖሪያ ምዝገባ ወረቀታችሁንና ፎቶግራፍ ከነቅጂያቸው ይዛችሁ በሺምላ ወይም በሬኮንግ ፔዎ ታወጡታላችሁ። እሑድ መሥሪያ ቤት ዝግ መሆኑን አስቡና ቀናችሁን አስተካክሉ። በማናሊ በኩል እስከ ካዛ ግን ይህ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች የማናሊን መንገድ የሚመርጡት ጤናቸውን አስበው ሳይሆን ከወረቀት ለመሸሽ ነው።

የጾሙ ነገር ከምታስቡት ይልቅ ቀላል ነው። ምስርና ሩዝ፣ የአታክልት ቱክፓ የሚባለው የሾርባ ፓስታ፣ ድንችና አተር በየመንደሩ አለ። መጠንቀቅ ያለባችሁ ምስሩ ላይ ጊ የሚሉትን የነጠረ ቅቤ ስለሚጨምሩበት፣ ፓኒርም አይብ ስለሆነ ነው፤ አስቀድማችሁ «ያለ ጊ» በሉ። በጨውና በቅቤ የተመታው የስፒቲ ሻይም የፍስክ ነው፤ ቡና በቅቤና በጨው የሚጠጣበት አገር ልጅ ግን ጣዕሙን አይጠላውም። ለእናንተ የተሠራ የሚመስለው ምግብ ሳምፓ ነው። ገብስ ተቆልቶ ይፈጫል፣ ከዚያም በሻይ ወይም በውሃ በእጅ ይታሻል፤ በሶ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። በአንዲት የካዛ አካባቢ ቤት እናትየው ዱቄቱን በእንጨት ጣባ ውስጥ በአውራ ጣታቸው እያዞሩ ሲያሹት ሳይ የሰሜን ሸዋ አያቴን እጅ ያየሁ መሰለኝ። በውሃ ታሽቶ ይሰጣችሁ ብትሉ በደስታ ይሠሩላችኋል። ነገር ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህል ጋር ከውሃም የምትከለከሉ ከሆነ፣ በዚያ ደረቅ አየር ሰውነት በትንፋሽ ብቻ ብዙ ውሃ ያጣልና፣ ከመሄዳችሁ በፊት ነገሩን ለንስሐ አባታችሁ አማክሩ።

ታቦ ስትደርሱ ደግሞ ገዳሙን አትለፉት። እ.ኤ.አ. በ996 የተመሠረተ ነው፤ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። ከውጭ ሲታይ ዝቅ ያለ የጭቃ ቤት ነው፣ ከውስጥ ግን ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። ውስጡ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። መብራቱ ደብዛዛ ስለሆነ ዓይናችሁ እስኪለምደው ጥቂት ቁሙ፤ ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ከጨለማው ይወጣሉ። ይህን ለማየት የሚያስችለው ያው የዘገየው መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከባለቤቴና ከሦስት ዓመት ልጃችን ጋር በዱባይ ነው። ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በሐምሌ ሙቀቱን ሸሽተን ወደ ዴልሂ በርረን ስፒቲን በመኪና ብንጎበኝ ይከብዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ዓመት አይሁን። የሦስት ዓመት ልጅ ራሱን ሲያመው «አመመኝ» ብሎ ለይቶ አይናገርም፤ ይነጫነጫል፣ ምግብ ይተዋል፣ እንቅልፉ ይዛባል፤ ያ ሁሉ ደግሞ የማንኛውም የመንገድ ድካም ምልክት ስለሆነ ወላጅ ሊያውቀው አይችልም። ባለቤትዎን በተመለከተ ደግሞ ከከፍታው ይልቅ የምሰጋው ርቀቱን ነው። በሐምሌ ናዳ መንገዱን ሲዘጋ፣ ድንገተኛ የደም መፍሰስ ወይም ምጥ ቢመጣ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ትልቅ ሆስፒታል ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀንም ላይበቃ ይችላል። ቅዝቃዜ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ሐኪሟ ከፈቀደላት፣ ሺምላ በቂ ናት፤ ዝናቡ ግን በዚያ ወር እንደ አዲስ አበባ ሐምሌ ነው።

ጥያቄ፦ በሕንድ የሚማረው ልጄ በመስከረም ከጓደኞቹ ጋር ወደዚህ ስፒቲ ወደሚባል ቦታ እሄዳለሁ ብሎኛል። «ለሁለት ቀን ስልኬ ላይሠራ ይችላል፣ አትደንግጪ» ይለኛል። እናት እንዴት አትደነግጥም? በአንድ ወቅትም እዚያ ሰዎች በበረዶ ተይዘው እንደነበር ሰምቻለሁ። ልከልክለው ወይ?

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ ልጅዎ እውነቱን ነው የነገረዎ፤ አስቀድሞ መናገሩም የአስተዋይ ልጅ ምልክት ነው። ካዛ ላይ ስልክ ይሠራል። ከካዛ ወጥቶ የመጨረሻዋን መንደር ሎሳርን ካለፈ በኋላ ግን ኩንዙምን ተሻግሮ ወደ አታል መሿለኪያ እስኪቃረብ ድረስ ባለው መንገድ ኔትወርክ የለም። በዚያ መሐል አንድ ሌሊት ካደረ፣ ያለው ሁለት ቀን ማለት ይህ ነው። በሳተላይት የሚሠራ ስልክ ይግዛ ብለው እንዳያስቡ፤ በሕንድ ያለ ልዩ ፈቃድ መያዙ ወንጀል ነው።

የሰሙት የበረዶ ነገርም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ያልተጠበቀ በረዶ በቻንድራታል ሐይቅ አካባቢ ወርዶ ወደ 300 የሚጠጉ ጎብኚዎች ለቀናት መውጫ አጥተው ነበር፤ በመጨረሻ መንገዱ ተጠርጎ ወጥተዋል። መስከረም ከሐምሌ ይልቅ የተረጋጋ ወቅት ነው፤ ሆኖም በዚያ ከፍታ በረዶ የማይወርድበት ወር የለም።

እኔ ብሆን አልከለክለውም፤ ጥቂት ነገር ግን አስጨርሰዋለሁ። በየትኛው በኩል እንደሚገባ ይጠይቁት፤ በሺምላ በኩል ካለዎ ደስ ይበልዎ፣ በማናሊ በኩል ካለዎ ከላይ ለተማሪዎቹ የጻፍሁትን ያስነብቡት። የሾፌሩን ስምና ስልክ፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የሚያድርባቸውን ቦታዎች ስም በየቀኑ ጽፎ ይላክልዎ። የሚደውልባቸውንም ቦታዎች አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ ሬኮንግ ፔዎ፣ ታቦ፣ ካዛ፣ በመጨረሻም ከመሿለኪያው አጠገብ ያለችው ሲሱ። ከካዛ ሲነሣ «ነገ ማታ ወይም ከነገ ወዲያ ጠዋት እደውላለሁ» ይበልዎ፤ ከዚያ ሰዓት በፊት ዝምታውን እንደ ክፉ ዜና አይቁጠሩት። ከዚያ ሰዓት አንድ ሙሉ ቀን ካለፈ ደግሞ በመጀመሪያ ካዛ ያደረበትን ቤት ይደውሉ፤ መንገዱ መዘጋት አለመዘጋቱን ቀድመው የሚያውቁት የማረፊያ ቤት ባለቤቶች ናቸው። ጋቢም ያስይዙት። የስፖርት ጃኬቱ ቀን ይበቃዋል፤ ሌሊት ግን የእናት ጋቢ የሚተካ ነገር አላገኘሁም።

አንድ ነገር ደግሞ ይዘዙት። ከካዛ በላይ 4,400 ሜትር ገደማ ላይ ሂኪም የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በመንደሯ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሚሠራ ፖስታ ቤት አለ፤ ከዓለም እጅግ ከፍ ካሉት አንዱ ነው። ከዚያ ለእርስዎ ፖስት ካርድ ይላክልዎ፤ ማኅተሙ ላይ የመንደሯ ስም ይታተማል። ልጅዎ ቤት ከገባ ከሳምንታት በኋላ ሊደርስዎ ይችላልና የፖስታ ሣጥን ቁጥርዎን በትክክል ጽፈው ይስጡት።